በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተረፈው አሞክሲሲሊን

«ጤና ይስጥልኝ። የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። በታኅሣሥ ጉሮሮዋን አሟት ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሁለት ስትሪፕ አሞክሲሲሊን ገዛሁላት። በሦስተኛው ቀን ስለተሻላት አቆምን። የተረፈውን 11 ፍሬ መርፌና ክር በማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖርኩት። በመጋቢት ያው ቶንሲሏ ተነሣባት፤ ትኩሳት፣ አንገቷ ላይ እብጠት፣ ከአልጋ መነሣት እስኪያቅታት ድካም። የተረፈውን ሰጠኋት። ጾም ስለሆነ አንዳንዱን በባዶ ሆዷ ነው የዋጠችው። በአራተኛው ቀን ሰውነቷ ሁሉ ቀይ ሽፍታ ሆነ፤ እሷማ በስልኳ ፎቶ ስታነሣው ነበር። እህቴ ‹አለርጂ ናት፣ ሁለተኛ እንዳትነካው› አለችኝ። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ደግሞ ‹በሲፕሮ ቀይሪላት› አለኝ። ፈርቼ አልገዛሁም። በማግስቱ የእርሳስ ቦርሳዋ ውስጥ ሌላ መድኃኒት አገኘሁ፤ ዶክሲሳይክሊን ይላል። ‹ለብጉር ነው፣ ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ› አለች። ተናድጄ ስልኳን ቀማኋት፤ ከዚያ ወዲህ በወጉ አልተነጋገርንም። ሽፍታው እየከሰመ ነው፣ ድካሙ ግን አለ። እውነት አለርጂ ናት? ከእንግዲህ ስትታመም ምን ልስጣት?
የአንዲት ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ እህቴ፣

ሲፕሮ የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ ፈርተው አለመግዛትዎ እሰየው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ልጅዎን አሁን ይመልከቷት። ከንፈሯ ወይም ፊቷ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ሽፍታው ውሃ ከቋጠረ፣ ቆዳዋ እየተላጠ መነሣት ከጀመረ፣ አፏ ውስጥ ወይም ዓይኗ ላይ ቁስል ከወጣ፣ ጽሑፌን እዚሁ ይተዉትና ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ሽፍታውም እንዳሉት እየጠፋ ከሆነ፣ ቡናዎን ይዘው ይቀመጡ።

አለርጂ ናት ወይ ላሉት፣ ላትሆን ትችላለች። ደብዳቤ አንብቦ ሽፍታ የሚመረምር ሰው ካጋጠመዎ አይመኑት፤ እኔ ራሴ ፋርማሲስት እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ዕድሜዋ፣ የአንገቷ እብጠት፣ አልጋ ላይ የጣላት ድካምና አሞክሲሲሊኑ በተጀመረ በአራተኛው ቀን የወጣው ሽፍታ አንድ ላይ ሲመጡ አንድ በሽታ ያስጠረጥሩኛል። ሞኖኑክሊዮሲስ ይባላል። የሚያመጣው ኤፕስታይን-ባር የተባለ ቫይረስ ነው፤ በምራቅ ይተላለፋል፤ አንድ የውሃ ኮዳ ለአምስት ለሚቀባበሉ ተማሪዎች ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። በሕፃንነት ሲይዝ ብዙም ሳይታወቅ ያልፋል፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሲይዝ ግን ሰውን ለሳምንታት ያደክማል። ጉሮሮ ያሳምማል፣ ያተኩሳል፣ ቶንሲሉን ነጭ ነገር ያለብሰዋል። እናት በስልክ ባትሪ አፍ ከፍታ ታይና «ይኸው፣ መግል ይዟል» ትላለች፤ አሞክሲሲሊንም ይመጣል። የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ይህ በሽታ የያዘው ልጅ አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን ሲውጥ፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ሳይኖረው፣ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍታ በሽፍታ ሊሆን ይችላል። በሽታው ካለፈለት በኋላ ያንኑ መድኃኒት ወስዶ ምንም ላይሆን ይችላል።

የሚያስፈራው አለርጂ መልኩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው በተዋጠ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ሳማ እንደለበለበው ቆዳ ጉብ ጉብ ይላል፣ ክፉኛ ያሳክካል፣ ከአንዱ ቦታ ጠፍቶ በሌላው ይወጣል፤ ሲብስ ጉሮሮ ይዘጋል። ልጅዎ ላይ የታየው የትኛው እንደነበር ሐኪሙ ከታሪኩና ከደም ምርመራው ይለየዋል። እስኪለይ ድረስ አሞክሲሲሊን አይስጧት። አውግመንቲንም ስሙ ቢለይ ውስጡ አሞክሲሲሊን አለበት፤ አምፒሲሊንና ክሎክሳሲሊንም የዚያው ቤተሰብ ናቸው።

በዚህ ነገር ላይ ያዘገየሁዎት ያለ ምክንያት አይደለም። «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚለው ቃል አንዴ ካርዷ ላይ ከሰፈረ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። በአሜሪካ ከመቶ ሰው አሥሩ ያህል ለፔኒሲሊን አለርጂ ነኝ ይላል፤ በትክክል አለርጂ ያለበት ግን ከመቶ አንድ አይሞላም። እኛ ጋ ደግሞ ይህ ስህተት ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ከያዘና ሳይታከም ከቀረ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን የመታ መስሎት የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በር ሊያጠቃ ይችላል። በዋናነት የሚጎዳው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ ነው። በሆስፒታሎቻችን የልብ ክፍል ወረፋ ይዘው ከሚቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የዚህ በሽታ ታካሚዎች ናቸው። እነዚህ ልጆች በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት የሚወጉት መርፌ ምን ይመስልዎታል? ፔኒሲሊን ነው። እህትዎ በቅን ልቦና ሳሎን ቁጭ ብለው የፈረዱት ፍርድ ይህን በር ሊዘጋ ይችላል።

ለዚህም ነው «አንቲባዮቲክ አትስጡ» እያለ ብቻ የሚሰብክ ምክር የማይዋጥልኝ። ለአውሮፓ እናት ይበቃ ይሆናል። የእኛ ልጅ ግን ሳያስፈልጋት መውሰዷም ይጎዳታል፣ ሲያስፈልጋት ማጣቷም ይጎዳታል። የጉሮሮ ሕመሙን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ መድኃኒቱ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተጀመረ የልቡን ጣጣ ይከላከላል፤ ስለዚህ አንድና ሁለት ቀን ለምርመራ ማጥፋት የሚያስከትለው አደጋ የለም። ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ እናት ከክሊኒክ ይልቅ መድኃኒት ቤት የምትሮጠው «እስከ ነገ ምን ይሆንብኝ» ብላ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ቶንሲል የበሽታ ስም አይደለም፤ ሁላችንም ጉሮሮ ውስጥ ያለ ሥጋ ነው። ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የድምፅ መዘጋት አብሮ ካለ ያሳበጠው ቫይረስ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሳል ሳይኖር ድንገት ትኩሳት ከተነሣ፣ መንጋጋ ሥር ሲነኩት የሚያም እብጠት ካለ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ ያኔ ስትሬፕቶኮከስ ይጠረጠራል፤ ይጠረጠራል ነው ያልኩት። ልጅዎን ሊይዛት ይችላል ያልኩት ቫይረስም ይህንኑ መልክ ይዞ ይመጣልና።

አሁን ወደ ታኅሣሡ። ሁለት ስትሪፕ 20 ፍሬ ነው፤ 11 ከተረፈ የዋጠችው 9 ነው፤ በቀን ሦስት፣ ለሦስት ቀን። ትኩሳቷ በሦስተኛው ቀን የወረደው በመድኃኒቱ ይሁን በራሱ ጊዜ እርስዎም እኔም አናውቅም፤ የቫይረስ ትኩሳትም በሦስተኛው ቀን መውረድ ልማዱ ነው። የታመመችው በስትሬፕቶኮከስ ከነበረ በአፍ የሚወሰደው አሞክሲሲሊን አሥር ቀን ሙሉ ነበር የሚያስፈልጋት፤ ባክቴሪያው ሕመሙ ከቀለለ በኋላም ጉሮሮ ውስጥ ይቆያልና። ቫይረስ ከነበረ ደግሞ አንድም አያስፈልጋትም ነበር። ባክቴሪያ ከሆነ ዘጠኝ ፍሬ ያንሳል፤ ቫይረስ ከሆነ ዘጠኙም ይበዛል።

ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር የእርስዎን ቤት የሚመስል ታሪክ ፈጥሮ ተናግሯል። አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ያመዋል፤ ፔኒሲሊን ራሱ ገዝቶ ጥቂት ብቻ ይወስዳል፤ ባክቴሪያው አይሞትም፣ መድኃኒቱን ይለማመዳል። ሰውዬው ለሚስቱ ያስተላልፍባታል፣ ሚስቲቱ የሳምባ ምች ይይዛታል፣ ፔኒሲሊን አልሠራ ይላታል፣ ትሞታለች። በዓለም ላይ መድኃኒቱ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ የተነገረ ነው። የሚያስቀው ታዲያ፣ ፍሌሚንግ ለምሳሌ የመረጠው የጉሮሮ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን አልበገርም ያለበት በሕመምተኛ ላይ የተረጋገጠ ታሪክ የለም። የለመዱት ሌሎቹ ናቸው። ለጉሮሮ ብለን የዋጥነው ፍሬ ጉሮሮ ጋ አይቆምም፤ አንጀት ውስጥ ተስማምተውን የሚኖሩትን ባክቴሪያዎችም ያገኛል። ደካሞቹ ይሞታሉ፣ መድኃኒቱን የሚችሉት ይቀራሉ፣ ይራባሉ። ነገ ከነዚያ አንዱ ወደ ሽንት ፊኛ ሲገባ ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት አልሠራ ይላል። በ2019 በመላው ዓለም መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

እንግዲህ እርስዎን ብቻ ልወቅስ አልችልም። እኔም ከባንኮኒ ጀርባ በቆምኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ማዘዣ ሳልጠይቅ ሸጫለሁ። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ሕጉ እንደሚከለክል ማን አጣው? ግን ምሽት 2 ሰዓት ላይ፣ ዝናብ ውስጥ፣ ልጅ ያዘለች እናት መጥታ «አንድ ስትሪፕ ብቻ» ስትል፣ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ጥግ ቆሞ ሲያይዎት፣ ሕግ ይረሳል። አንዴ የሸጥኩለት ጎረምሳ ቴትራሳይክሊኑን እዚያው ፊቴ ከፍቶ ዱቄቱን የጉልበቱ ቁስል ላይ ነሰነሰው። «እናቴ እንደዚህ ነው የምታደርገው» አለኝ። እኔስ? የእኔም እናት እንደዚያው ነበር የምታደርገው። ቁስልን በንጹሕ ውሃና ሳሙና ማጠብ እንደሚበቃ ለመንገር አፌ ላይ መጥቶልኝ፣ ቀጣዩ ደንበኛ ብሩን ዘረጋ።

ሲፕሮ ለምን እንዳልወደድኩት በአጭሩ ልንገርዎ። ለጉሮሮ ስትሬፕቶኮከስ ደካማ መድኃኒት ነው፤ ለቫይረስ ደግሞ ምንም ነው። ጅማትን በተለይም የተረከዝን ጅማት ሊያሳብጥ፣ አልፎም ሊበጥስ ስለሚችል የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 በሳጥን የተከበበ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አድርጓል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐኪም የሚያዘው ሌላ የተሻለ ምርጫ በማይኖርበት በጥቂት ሁኔታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ሲከፍል አሞክሲሲሊንን በቅድሚያ ከሚሰጡት፣ ሲፕሮንና አዚትሮማይሲንን ደግሞ በጥንቃቄ ከሚያዙት መድቧቸዋል። እኛ ሰፈር ግን «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ሲባል የሚወጣው ሲፕሮ ነው። ትኩሳት ሁሉ «ታይፎይድ» በሆነበት ከተማ ምን ይደረግ።

ከእንግዲህ ስትታመም ምን ልስጣት ያሉት ጥያቄ ይህን ያህል አያስጨንቅም። ለጉሮሮ ሕመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልኩ፣ ሞቅ ያለ ውሃ በጨው መጉመጥመጥ፣ ብዙ መጠጣት፣ ማር በሎሚ። ጾሙ ላይ ማሩን እሺ የማትል ከሆነ ሎሚው ብቻ ይበቃል። ዳማከሴውንም ቢያሸቷት ማንም አይቆጣዎትም። አስፒሪን ግን ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይስጡ፤ ከቫይረስ በሽታ ጋር ሲገናኝ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ ብዙም ባይታይ ከባድ የሆነ መዘዝ አለው። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ መርማሪው ይዘዝ፤ ሲያዝም ክብደቷን ይጠይቅ። አሞክሲሲሊን እስከ 40 ኪሎ ላለ ልጅ በክብደት ይሰላል፤ ከዚያ በላይ እንደ አዋቂ ነው። 15 ዓመት ሞልቷት 38 ኪሎ የሆነች አለች፣ 60 የሆነች አለች፤ የጎረቤት ልጅ የወሰደችው ልክ ለእሷ ልክ አይሆንም።

«በየስምንት ሰዓቱ» ተብሎ ሲጻፍ ቁርስ፣ ምሳና እራት ማለት አይደለም። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ቢያደርጉት ልኩ ይመጣል፤ ሐኪሙ በቀን ሁለቴ ካለ ደግሞ ይቀላል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ልጅ የቀን 8ቱን ብትዘለው አይገርመኝም። አሞክሲሲሊን ራሱ በባዶ ሆድም ይወሰዳል፤ ችግሩ ሰዓቱ ሲዛነፍና ውሃ ሳይጠጣ ሲዋጥ ነው። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚላላ እርስዎ ከምትነግሯት የንስሐ አባቷ ቢነግሯት ትሰማለች፤ በዚህ ዕድሜ የእናት ቃል ብዙም አይሸጥ።

ወደ እርሳስ ቦርሳው እንሂድ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የበለጠ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዶክሲሳይክሊን ለብጉር የሚታዘዝ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ልጅቷ ከመሬት አልፈለሰፈችውም። የቆዳ ሐኪም ሲያዘው ግን ብቻውን አያዘውም፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከተባለው የሚቀባ መድኃኒት ጋር ነው፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላም ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ ያያል። ከጓደኛ የተገኘ ስድስትና ሰባት ፍሬ ብጉር አያጠፋም፤ ባክቴሪያ ማለማመድ ነው። አዋዋጡም አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ማንም እንዳያይ ተብሎ ያለ ውሃ ጎርሰው የሚውጡት ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮ ቧንቧ ላይ ይጣበቅና ያቆስላል፤ ከዚያ ምራቅ መዋጥ እንኳ ደረት ላይ እንደ ፍም ያቃጥላል። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጋደም ሳይሉ መቀመጥ ነው ደንቡ። ለደም ማነስ የብረት ኪኒን የምትወስድ ከሆነ ሁለቱ አብረው ከተዋጡ ዶክሲሳይክሊኑ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድን ሰው ቆዳ ፀሐይም በቀላሉ ያቃጥለዋል፤ የእኛን የመጋቢት ፀሐይ ያውቁታል።

ስለ ብጉሯ ማፈሯን ግን እንደ ቀላል አይዩባት። 15 ዓመት ሲሆኑ መስታወት ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ረስተውት ይሆናል። መፍትሔ ከቤት ስታጣ ከጓደኛ ፈለገች፤ ከሱቅ የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት የፊት ክሬም ካልተቀባች አሁንም እድለኛ ናት፤ እሱ ብጉሩን ያባብስባታል።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ አይቀየሙኝ። ዶክሲሳይክሊን በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ አንዳንድ በሽታዎችን ለማከምም ይሰጣል። ልጅዎ «ለብጉር ነው» ብላለች፤ እመኗት፤ ፊቷም ምስክር ነው። አይመርምሯት፣ አያፋጧት። ግን ክሊኒክ ስትሄዱ ሐኪሟ ለአምስት ደቂቃ ብቻዋን እንዲያናግራት እርስዎ ራስዎ በሩን ከፍተው ይውጡ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች የተለየ የምክርና የሕክምና አገልግሎት አለ። በሐሜት ከሚሰሙት በዚያ በር በኩል ቢፈታ ይሻላል፤ ምንም ከሌለም ምንም አልጠፋም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ይዘው ይሂዱ፤ ድካሙ አለ ብለዋልና አይቆይ። ባዶውን የአሞክሲሲሊን ስትሪፕና የዶክሲሳይክሊኑን ሁለቱንም ይያዙ፤ ሐኪም «ያ ቀይና ቢጫው» ከሚሉት ጽሑፉን ቢያነብ ይመርጣል። መቼ ጀመረች፣ የመጨረሻውን መቼ ዋጠች፣ ሽፍታው በስንት ሰዓት፣ ከየት ጀምሮ ወጣ የሚለውን ጽፈው ይሂዱ። ሞኖኑክሊዮሲስ ሆኖ ከተገኘ ጣፊያዋ ሊያብጥ ስለሚችል ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ ቢያንስ ለሦስትና ለአራት ሳምንት፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ትቅር፤ መውደቅና መገፋት አይመቻትም። በግራ ጎኗ ከባድ ሕመም ድንገት ከተሰማት በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

የተረፈ መድኃኒት ካለ መጸዳጃ ቤት አይጨምሩት። የገዙበት መድኃኒት ቤት ከተቀበለዎ ይመልሱት። ካልተቀበለ ፍሬዎቹን ከስትሪፑ አውጥተው ከቡና አተላ ጋር ለውሰው፣ ፌስታል ውስጥ አጥብቀው ቋጥረው ይጣሉ፤ አተላ የነካውን ልጅም ውሻም አይከፍተውም። ቆርቆሮው ለመርፌና ለክር ይቅር።

ስልኳን ደግሞ ዛሬ ማታ ይመልሱላት። ሽፍታው ገና በወጣበት ቀን ምን ይመስል እንደነበር ሐኪሙ የሚያየው እዚያ ውስጥ ባለው ፎቶ ነው። ፎቶውን እሷ ራሷ ታሳየው፣ ታሪኩንም እሷ ትንገረው፤ እርስዎ የጎደለውን ቢሞሉ ይበቃል። ውጤቱን ሲያውቁ ጻፉልኝ።